አሮጌ ቤት ዋሽንግተን ሚሊዮን ዶላር፣ ደሴ ላይ ግን «ይፍረስ»? ጆርጅታውንን የምታውቁ እስኪ ንገሩኝ

የሸዋበር ልጅ (ደሴ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። እንዴት ከረማችሁ?

እህቴ ዋሽንግተን ከገባች ሦስተኛ ዓመቷ ነው። አሁን አንዲት አሮጊት ትንከባከባለች። ሰፈሩ ጆርጅታውን ይባላል። ባለፈው እሑድ ከሥራ ስትወጣ በቪዲዮ ደወለችና መንገዱን እየሄደች አሳየችኝ። የሀብታም ሰፈር ነው ስትለኝ እኔ ሰፊ ግቢና ትልልቅ ቪላ ነበር የጠበቅሁት። ያየሁት ሌላ ነው። ጠባብ ጠባብ ቤቶች፣ ግድግዳ ለግድግዳ ተጣብቀው፣ ቀይ ጡብ፣ የእንጨት መስኮት። አንዳንዱ ፊቱ ከእኛ ሱቅ አይሰፋም። የእግረኛ መንገዱም ጡብ ነው፤ የዛፍ ሥር አንሥቶት ወጣ ገባ ይላል። ዋጋውን ስትነግረኝ በደንብ አልሰማሁም ብዬ ደግሜ ጠየቅኋት።

የምጠይቃችሁ ለወሬ አይደለም። አያታችን ሸዋበር ያሠራው ቤት አለን። መሠረቱ ድንጋይ፣ ግድግዳው ጭቃ፣ ምሰሶው ጽድ ነው። ፊት ለፊት በረንዳ አለው፤ የበረንዳው የእንጨት ጠርዝ እንደ ዳንቴል ተፈልፍሏል። አያታችን የባቲን ሰኞ ገበያ እየተመላለሰ ነግዶ ነው ያሠራው። እናቴ እዚያ ተወለደች። እኔም እዚያ ተወለድኩ።

አሁን ወንድሞቼ አፍርሰን በብሎኬት ፎቅ እንሥራ ይላሉ። እውነት ለመናገር ቤቱም ታሟል። አምና አንድ ሠራተኛ ግድግዳውን ከታች እስከ ወገብ ድረስ በሲሚንቶ ለሰነልን። ያኔ ደስ ብሎን ነበር። ክረምቱ ሲወጣ ግን ልስኑ እየተነፋ ተሰነጠቀ፤ ከውስጥ በኩል ግድግዳው እርጥብ ሆነ። ወንድሞቼ «አየሽ? አርጅቷል» አሉኝ።

እና የእህቴ ሰፈር ነገር እውነት ነው? እዚያ አሮጌ ቤት እንዲህ የሚወደደው ለምንድነው? እንዳይፈርስ የወሰነውስ ማን ነው? ለወንድሞቼ የምነግራቸው ነገር ስጡኝ።


ባለ ሱቁ (ኮምቦልቻ)፦

እህቴ፣ ሕመምሽ ይገባኛል። የእኛም የአባታችን ቤት ሲፈርስ አልቅሻለሁ። ግን ወንድሞችሽንም ስሚያቸው። ልጆች አሏቸው። አራት ክፍል ቢያከራዩ የልጆቻቸው ትምህርት ቤት ይከፈላል። አሜሪካኖቹ ገንዘብ ስላላቸው ነው አሮጌ የሚያፈቅሩት። እኛ ዘንድ ቤት መጀመሪያ መጠለያ ነው። በረንዳውን ነቅለሽ አዲሱ ቤት ላይ ግጠሚው። እኔ የምመክርሽ እሱን ነው።


ግንበኛው (የሐይቅ ልጅ፣ አሁን ቨርጂኒያ)፦

እህቴ፣ እንደምን አለሽ። ጥያቄሽን ማታ ከሥራ ስገባ አነበብኩት። እራቴን ሳልበላ ነው የምጽፍልሽ።

አሜሪካ ከመጣሁ 21 ዓመት ሆነኝ። መጀመሪያ መኪና ማቆሚያ ሠራሁ። ኋላ አሮጌ የጡብ ቤት የሚጠግን አነስተኛ ድርጅት ቀጠረኝ፤ እዚያ 14 ዓመት ቆየሁ። አብዛኛው ሥራችን ጆርጅታውን ነው። እህትሽ ካሳየችሽ ግድግዳ አንዱን በእጄ ነክቼው ይሆናል።

ዋጋው እውነት ነው። ያን ጠባብ ቤት ከ1 ሚሊዮን ዶላር በታች ማግኘት ከባድ ነው። ገዝተሽም አታርፊም። የከተማው የቤት ግብር ለእያንዳንዱ 100 ዶላር ግምት 85 ሳንቲም ነው። ቤትሽ 1.5 ሚሊዮን ከተገመተ በየዓመቱ 12 ሺህ 750 ዶላር ገደማ ትከፍያለሽ ማለት ነው። ይህን ያዥልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ለምን ተወደደ ላልሽው፣ ብዙ ሰው «ስላረጀ ነው» ይላል። ዕድሜ ብቻውን ዋጋ አያመጣም። ጆርጅታውን በ1751 ነው የተቆረቆረው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው)። ያኔ ዋሽንግተን የሚባል ከተማ ገና የለም። ፖቶማክ ወንዝ ላይ ትምባሆ የሚጫንበት ወደብ ነበር። ዋሽንግተን ከተቆረቆረ በኋላም እስከ 1871 ድረስ ራሱን የቻለ ከተማ ሆኖ ኖረ። በ1828 በወንዙ ዳር ቦይ መቆፈር ተጀመረ፤ ጀልባውን በዳር የሚሄድ በቅሎ ይጎትተዋል። ቦዩ ወደ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ግን የባቡር ሐዲዱ ሥራም በዚያው ቀን ነው የተጀመረው፤ ባቡሩም ቀደመው። ወደቡን ደለል ሞላው። በ1924 ጎርፍ ሲመጣ ቦዩ ጨርሶ ተዘጋ።

እህቴ፣ ይህቺን ልብ በያት። ያን ጊዜ ጆርጅታውን የድሃ ሰፈር ነበር። ወፍጮ ቤት፣ የድንጋይ ከሰል ጭስ፣ የሠራተኛ ቤት። አፍርሶ አዲስ የሚሠራ ገንዘብ ያለው ሰው ጥቂት ስለነበር ቤቶቹ ቆሙ። ያቆያቸው ድህነት ነው። ከዚያ በ1930ዎቹ የመንግሥት ሠራተኛ ዋሽንግተንን ሲያጥለቀልቃት፣ ቤቱ ርካሽ ነው፣ ከቢሮም ቅርብ ነው ብሎ ይገዛ ጀመር። ጠገነው። ዋጋው ወጣ። በ1950 ኮንግረስ ለዚህ ሰፈር ብቻ ሕግ አወጣ። ሦስት አርክቴክቶች ያሉበት ቦርድ ተቋቋመ። ከመንገድ የሚታየውን መስኮት፣ ጣሪያ፣ አጥር ልትቀይሪ ስትፈልጊ ሥዕሉ ለነሱ ይቀርባል። የቤቱ ውስጥ ያንቺ ነው፤ እንደፈለግሽ። ኬኔዲ ፕሬዚዳንት ሆኖ ዋይት ሐውስ ከመግባቱ በፊት የኖረው እዚያ ኤን ጎዳና ላይ ነው። እንዲህ እንዲህ እያለ የዛሬው ሰፈር ሆነ።

አንድ ቤት አለ፣ ኤም ጎዳና ላይ፣ በ1765 የተሠራ የድንጋይ ቤት። እህትሽን እንድታይው ንገሪያት፤ መግቢያው ነጻ ነው። መንግሥት በ1953 ሲገዛው ያገለገለ መኪና የሚሸጥበት ቦታ ነበር። ሳይፈርስ የቆየው ሰው «ጆርጅ ዋሽንግተን እዚህ በእንግድነት ቆይቷል» ብሎ ስላመነ ነው። ነገሩ ስሕተት ነበር፤ ዋሽንግተን የቆየበት ሌላ ቤት ነው። ግን አየሽ፣ ቤቱን ያተረፈው ወሬው ነው። የሚወራለት ቤት ቶሎ አይፈርስም።

አሁን ደግሞ ማንም ያልነገረሽን ልንገርሽ፤ እራቴንም የተውኩት ለዚህ ነው።

ሕጉ ጡቡን ጠበቀ። ሰውን አልጠበቀም። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጆርጅታውን ብዙ ጥቁር ሕዝብ የሚኖርበት ሰፈር ነበር። ብዙዎቹ ኪራይ ጨመረባቸው፤ ቤት የነበረውም ግብሩ ከበደው። ሸጠው ወጡ። በ1816 የተመሠረተች ማውንት ዛየን የምትባል የጥቁሮች ቤተ ክርስቲያን አለች። ሰፈሩ ውስጥ ዛሬም ይቀደስባታል። ምእመናኑ ግን አብዛኞቹ ከሌላ ሰፈር ነድተው ነው የሚመጡት። ቤት ቆሞ ሰው ሲጠፋ ያየሁት እዚያ ነው።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት አንድ መቃብር ቦታ ገባሁ። ጎኑ ኦክ ሂል የሚባል ያማረ የሀብታም መቃብር አለ። እኔ የገባሁበት ግን ድንጋዮቹ ወድቀው ባንድ በኩል ተከምረዋል። የተጻፈውን ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። ግማሹን መሬት በ1842 የገዙት ነጻ የወጡ ጥቁር ሴቶች ናቸው። ማኅበር ነበራቸው። ስትታመሚ ያስታምሙሻል፣ ስትሞቺ ይቀብሩሻል። ይኸ ቅሬ ነው እኮ! የሴቶች ቅሬ። ሐይቅ ከተማ አያቴ ከሙስሊም ጎረቤቶቿ ጋር የነበረችበትን ቅሬ አስታወስኩና እንባዬ መጣ። አገሩን ከረገጥኩ ጀምሮ እንደዚያ ቀን አገሬ የቀረበኝ ጊዜ የለም።

ሌላም አለ። ያሮው ማሙት የሚባል ሰው ነበር። ከምዕራብ አፍሪካ፣ ፉላኒ፣ ሙስሊም። በ1752 ገና በልጅነቱ በባሪያ መርከብ ሜሪላንድ አደረሱት። አርባ ዓመት ከዚያ በላይ በባርነት ሠራ። በመጨረሻ ጌታው «ለጆርጅታውኑ ቤቴ የሚሆነውን ጡብ ጨርስና ነጻ ትወጣለህ» አለው። ጌታው ሳይፈጽመው ሞተ። ሚስትየው ግን ቃሉን ጠበቀች፤ በ1796 ነጻ ወጣ። ሠርቶ ያጠራቀመው ገንዘብ አደራ በሰጣቸው ሰዎች እጅ ሁለት ጊዜ ጠፋበት። እንደገና ሠራ። በ1800 ዴንት ፕሌስ በሚባለው መንገድ ላይ የራሱን ቤትና ቦታ ገዛ። የባንክ አክሲዮንም ነበረው። በመንገድ ሲሄድ አላህን እያመሰገነ ያዜም ነበር። የአሳማ ሥጋ አይበላም፣ መጠጥ አይቀምስም። በ1819 ቻርልስ ዊልሰን ፒል የሚባል ታዋቂ ሠዓሊ መጥቶ ሣለው፤ ሥዕሉ ዛሬ ፊላደልፊያ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ውስጥ አለ። በ1823 ሲሞት ጋዜጣ ላይ እንደተጻፈው የተቀበረው ከቤቱ ጓሮ፣ ይሰግድበት ከነበረው ጥግ ነው። በ2015 ቦታው ላይ አዲስ ቤት ሊሠራ ሲል የከተማው አርኪዮሎጂስቶች ቆፈሩ። አጽሙን አላገኙም።

የእሱ ቤት ዛሬ የለም። ስሙ ግን አለ፤ ስለ ተጻፈ፣ ስለ ተሣለ። ሌሎቹ ጡብ ሠሪዎች የሠሩት ቤት ቆሞ ስማቸው የለም። አንዳንድ አሮጌ ጡብ ላይ የጣት አሻራ አገኛለሁ፤ ጭቃው ሳይደርቅ የያዘው ሰው ጣት። ያን ጊዜ መዶሻዬን አስቀምጬ ትንሽ እቆማለሁ።

ስለዚህ ለወንድሞችሽ «ቤቱ አንድ ቀን ሚሊዮን ያወጣል» ብለሽ አትንገሪያቸው። ሚሊዮን ያወጣ ቀን የእናንተ ልጆች ሸዋበር ላይ መኖር አይችሉም። ያን ግብር አስታውሺ። ይልቅ በቤቱ ማን እንደ ኖረ ንገሪያቸው።

ስለ ግድግዳው ደግሞ አብሽሪ። ያ እርጅና አይደለም። ሲሚንቶው ነው። ነገ እጽፍልሻለሁ፤ አሁን መሽቷል።


የሸዋበር ልጅ፦

ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ። ጽሑፍዎን ለእናቴ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ቡና እያፈላች፣ አድሩሱ እየጨሰ ነበር የምታዳምጠኝ። ያሮው በሚሰግድበት ጥግ ተቀበረ የሚለው ላይ ስደርስ ረከቦቱን ትታ ዱዓ አደረገችለት። «ልጅ የለውም? ዘመድ የለውም?» እያለች ጠየቀችኝ። ለእህቴም ደወልኩላት። ዴንት ፕሌስ ከምትሠራበት ቤት በእግር አሥር ደቂቃ ነው። አሁን ከአውቶቡስ ወርጄ በዚያ በኩል ነው የማልፈው አለችኝ።

አንድ ነገር ልጠይቅ። እህቴ ሁልጊዜ በአውቶቡስ የምትሄደው ባቡር ስለሌለ ነው። ሐበሻው «ሀብታሞቹ ባቡር አንፈልግም ብለው ነው» ይላል አለችኝ። እውነት ነው?

የግድግዳውን ነገር ደግሞ እጠብቃለሁ። ታላቅ ወንድሜ እርስዎ የጻፉትን ሁለቴ አነበበው። ምንም አላለኝም፤ ዝም ሲል ግን እያሰበ ነው።


ጡረተኛ መምህር (ደሴ)፦

ልጄ፣ እኔ እዚሁ ደሴ ታሪክ አስተምሬ ጡረታ የወጣሁ ነኝ። ግንበኛው ወንድማችን ያለው ልብ ይነካል። አንድ ነገር ልጨምርበት። እኛም ዘንድ ቤት ከነስሙ የቆየበት ቦታ አለ። አይጠየፍን አስቢ። ንጉሥ ሚካኤል ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። ስሙ ራሱ ታሪኩን ይዞታል፤ ማንንም የማይጠየፍ። ሰው ስሙን በጠራ ቁጥር ያ ግብር ይታወሳል።

ቀሪው ደሴ ግን በቃል ነው ያለው። በኅዳር 1928 ዓ.ም. ጣልያን ከተማዋን በአውሮፕላን ሲደበድብ ምን ተቃጠለ፣ ምን ተረፈ፣ ማን ከማን ቤት ተጠለለ፣ እያንዳንዱ ሽማግሌ የራሱን ያውቃል። እነሱ ሲያልፉ አብሮ ያልፋል። እናትሽ አሉ። የተጠለለ ሰው ነበረ ወይ ብለሽ ጠይቂያቸው። ዛሬ ጠይቂያቸው። ደብተር ያዥ።

ለኮምቦልቻው ልጄም፦ በረንዳውን ነቅሎ ብሎኬት ላይ መግጠም አይሆንም። በረንዳው ለዚያ ቤት ቁመት የተለካ ነው።


ባለ ሱቁ (ኮምቦልቻ)፦

መምህር፣ ተቀብያለሁ። ኪራዩን ግን አሁንም አስቡት። ከጓሮ ቦታ ካለ እዚያ ሁለት ክፍል ቢሠራና አሮጌው ፊት ለፊት ቢቀር ሁለቱም ይሆናል።


ግንበኛው (የሐይቅ ልጅ)፦

የኮምቦልቻው ወንድሜ ያለው ጥሩ ነው። ጆርጅታውንም ብዙ ሰው የሚያደርገው እሱን ነው፤ ፊቱን ይጠብቃል፣ ከኋላ ይጨምራል።

ስለ ባቡሩ፣ ያ ወሬ እውነት አይደለም። አንዳንድ ነዋሪ ባይፈልግም ዋናው ነገር መሬቱ ነው። የባቡሩ መሿለኪያ ከወንዙ ሥር በጣም ጠልቆ ይመጣል፣ ሰፈሩ ደግሞ ከወንዙ ዳር ጀምሮ ዳገት ነው። ጣቢያ ለመሥራት አይመችም ነበር።

አሁን ግድግዳሽ። አሮጌ ጡብ ለስላሳ ነው፤ ውኃ ይጠጣል፣ መልሶ ይተነፍሳል። የድሮ ሰዎች ጡቡን ያያያዙት በኖራ ነው፤ ኖራም ይተነፍሳል። ሲሚንቶ ግን ጠንካራ ነው፤ አፉን ይዘጋዋል። ውኃው ከመሬት በጡቡ ይወጣል፣ መውጫ ያጣል፣ እዚያው ይቀራል። እዚህ ክረምት ውኃው በረዶ ስለሚሆን ጡቡ ፊቱን ይጥላል። ሥራ በጀመርኩ ዓመት እንዲህ ያለ ቤት አይቻለሁ። ሌሎች ሠራተኞች በሲሚንቶ ሞልተውት ሄደዋል፤ ሲሚንቶው እንዳለ ቆሞ ጡቡ ወደ ውስጥ ተበልቷል። እኛ ሲሚንቶውን አንድ በአንድ አውጥተን በኖራ ተካነው፤ ስድስት ሳምንት ፈጀብን።

ጭቃ ደግሞ ከጡብም ይለሰልሳል። ስለዚህ ያንቺ ግድግዳ ላይ የሆነው ይኸው ነው።

መጀመሪያ ግድግዳውን አትንኪው። ውኃውን አስቢ። ደሴ ዝናቧን ታውቂያታለሽ። ጣሪያው አሸንዳ አለው? ከጣሪያው የሚወርደው ግድግዳው ሥር ያርፋል? ግቢው ወደ ቤቱ ያዘነብላል? ይህን ሳታስተካክዪ ሌላ ሥራ ከንቱ ነው። ከዚያ ሲሚንቶውን ቀስ ብላችሁ ፈልፍላችሁ አንሡት፤ ከድንጋዩ መሠረትም ላይ። በጋውን ሙሉ ይድረቅ። አትቸኩሉ። ሲደርቅ በጭቃ ለስኑት፤ ጭዱ በደንብ የገባበት፣ ተረግጦ ጥቂት ቀን የቦካ ጭቃ። ሁለት ሦስት ጊዜ ስስ አድርጋችሁ፣ አንዱ ሳይደርቅ ሌላውን ሳትደርቡ። መጨረሻ ኖራ ቀቡት። ኖራው ሲበጠበጥ ይፈላል፣ ዓይን ያጠፋል፤ ልጆች እንዳይጠጉ።

ምሰሶዎቹን በቢላ ጫፍ ወጋ ወጋ አድርጊ። ቢላው የማይገባው ጽድ ገና ብዙ ዘመን ይቆማል።


የሸዋበር ልጅ፦

ጋሼ፣ ምሰሶዎቹን ወጋሁ። አሥራ አንዱ እንደ ድንጋይ ጠንካራ ናቸው። አንዱ፣ በምሥራቅ በኩል ያለው፣ ከታች በስብሷል። አሸንዳ የለንም፤ ውኃው በቀጥታ ግድግዳው ሥር ነው የሚወርደው። ይህን ሁሉ ዓመት እዚያ ተቀምጬ አላየሁትም።

ታላቅ ወንድሜ ቅዳሜ መሮ ይዞ መጣ። ምንም ሳይለኝ የሲሚንቶውን አንድ ክንድ ያህል ፈልፍሎ አነሣ። ከሥሩ ያለው ጭቃ በእጅ ይጨመቅ ነበር። «ይድረቅ» አለ። እስከ ግንቦት ምንም አይፈርስም ብሎ ለታናሹም ነገረው። ከጓሮ ሁለት ክፍል የሚለውንም እየለካ ነው።

መምህር፣ ደብተሩን ጀምሬዋለሁ። እናቴ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። በጣልያን ጊዜ ከቦምቡ ሸሽተው ቤታችን ያደሩ አራት ሰዎች ነበሩ ብሎ አያቴ ነግሯታል፤ ሁለቱ ክርስቲያን፣ ሁለቱ ሙስሊም፣ አንዷ ነፍሰ ጡር። ልጁ በረንዳው ሥር ተወለደ። ይህን ዛሬ ገና ሰማሁ። አርባ አንድ ዓመቴ ነው።

አንድ ስም ግን አጣን። የበረንዳውን እንጨት የፈለፈለውን አናጺ እናቴ አታውቀውም። ከሩቅ የመጣ ሰው ነው፣ ግራ እጁ ሁለት ጣት የለውም፣ አያቴ ቤት አንድ ክረምት ከረመ፣ የምታውቀው ይህን ብቻ ነው። ከሸዋበር፣ ከአራዳ፣ ከሰኞ ገበያ ሽማግሌ ያላችሁ እባካችሁ ጠይቁልኝ። ስሙን ካገኛችሁ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ቦታ ትቼለታለሁ።